ጥያቄ የማይፈራ እምነት

«እግዚአብሔር መኖሩን በምን እናውቃለን?» ብሎ የሚጠይቅ ልጅ በብዙ ቤት የሚጠብቀው ቁጣ ነው። ከሃዲ ይባላል፤ ጥያቄውም ከባሕር ማዶ የመጣ ደዌ ተደርጎ ይቆጠራል። እኔ የማስረዳችሁ ግን ጥያቄው የገዛ ቤታችን ልጅ መሆኑን፣ እምነትም ሲመረመር እንጂ ሲታፈን እንደማይጸና ነው።

የፈላስፋውን የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ እንመልከት። ባለታሪኩ በአክሱም አካባቢ ተወልዶ፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ተከስሶ ሸሸ፤ በዋሻ ሁለት ዓመት ተቀመጠ። በዚያ ብቸኝነት ጸሎቱን የሚሰማ መኖሩን ተጠራጠረ። ከዚያም የወላጆቹን ወላጆች እያሰበ ወደ ኋላ ሄደ፤ ቆጠራው ባልተፈጠረ ፈጣሪ ካልቆመ መነሻ እንደማይኖረው ደመደመ። ጥርጣሬው ጾምንና ምንኩስናን እስከ መንቀፍ አደረሰው፤ ከፈጣሪው ግን አልለየውም። «መጽሐፉ የሚሲዮናዊው የጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ድርሰት ነው» የሚሉ አሉ፤ ምሁሩ ኮንቲ ሮሲኒ ይህን እ.ኤ.አ. በ1920 ጽፏል፤ ተመራማሪው ክላውድ ሰምነር ደግሞ ለኢትዮጵያዊነቱ ተሟግቷል። ክርክሩ ዛሬም አልተቋጨም። የእኔ ሙግት ግን በዚህ መጽሐፍ ብቻ አልቆመም።

የዋሸራንና የጎንጅን የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ባፈራው በጎጃም የቅኔ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ ከዛፍ ሥር ለብቻው ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ከዚያ ጉባኤ ቃና የሚባለውን ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ይዞ መምህሩ ፊት ይቆማል። ሰሙ ከወርቁ ካልገጠመ ይነቀፍበታል፤ በማግስቱ ሌላ ይዞ ይመለሳል። የመጻሕፍት መምህርም አንዱን ቃል ፈትቶ ሳያበቃ «አንድም» ብሎ ሌላ ፍች ያክላል። ሊቃውንቱ ምሥጢሩን የሚያከብሩት እየመረመሩት ነው።

ጉልበት በአንጻሩ ምን አተረፈ? ሱስንዮስ ካቶሊክነትን በአዋጅ ሊያጸና ሞክሮ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1624 ዓ.ም. ለልጁ ለፋሲል ዙፋኑን ለቀቀ። ደርግ ደግሞ በማርክሳዊ ትምህርቱ ሃይማኖትን ሊያዳክም ተነሣ፤ ፓትርያርኩን አቡነ ቴዎፍሎስን በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አወረደ፣ በ1971 ዓ.ም. ገደላቸው። ሥርዓቱ ወደቀ፤ አብያተ ክርስቲያናቱና መስጊዶቹ ግን አሁንም ሞልተዋል። አዋጅ እምነትን አይተክልም፤ አይነቅልምም።

«ፈጣሪንስ ማን ፈጠረው?» የሚለው የኢአማኒ ተቃውሞ ቀላል አይደለም። መልሱ፣ መነሻ የሚያሻው መጀመሪያ ያለው ነገር ነው የሚል ነው። ኢአማኒውም «ዓለሙ ራሱ መጀመሪያ የሌለው ቢሆንስ?» ይላል፤ በንጹሓን ላይ የሚደርሰውንም መከራ ይጠቅሳል። የመነሻው ማስረጃ ብቻውን ጸሎት ወደሚሰማ አምላክ እንደማያደርስ ማመን ይገባናል። ግን እንዲህ መመራመሩ የሚያምንም የሚክድም ምክንያቱን እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ከስድብም ያድነናል።

«ልጆቹ ቢጠይቁ ይጠፋሉ» የሚሉ ወላጆች ስጋታቸው የፍቅር ነው። ነገር ግን ቤቱ ዝም ያሰኘው ወጣት ጥያቄውን አይተወውም፤ ከተማ ገብቶ ብቻውን ይገናኘዋል፤ ያኔ አጠገቡ የሚያርመው መምህር የለም። ስለዚህ ልጁ ሲጠይቅ እንደ ቅኔ ተማሪ ፊታችን እናቁመው፤ እንስማው፣ የጎደለውን እንንገረው፣ ነገም ሌላ ይዞ እንዲመለስ በሩን ክፍት እንተውለት።