ጣርማ በርን ለመውረድ፦ የጭነት መኪና ማሠልጠኛና የመጀመሪያ ሥራ አመራረጥ

ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚያመራው አውራ ጎዳና ደብረ ብርሃን ከመድረሱ 20 ኪሎ ሜትር ያህል አስቀድሞ ጫጫን መሐል ለመሐል ያቋርጣል። በዚህች የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ከተማ የሚያድግ ልጅ ፊደል ሳይለይ የመኪና ድምፅ ይለያል፤ ባዶውን ከጫነው፣ ነጠላውን ከባለ ተሳቢው በጆሮው ያውቃል። ዕድሜው ሲደርስ መሪ ለመጨበጥ ቢመኝ የሚያስገርም አይደለም። ቤተ ሰቡም በሬ ሸጦ፣ ካልሆነም ተበድሮ የማሠልጠኛውን ገንዘብ ይሰጠዋል። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። ይህ ገንዘብ የሚገዛለት ሙያ ነው ወይስ ወረቀት?

እንደሚታወቀው፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ የአገሪቱ ታላላቅ መንገዶች ሲጠረጉ የጭነት መኪናም አብሮ ተስፋፋ። ጎማ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ የሚሉት የጋራዥ ቃላት ዛሬም ለዚህ ምስክሮች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዓመታት የሙያው ትምህርት ቤት ረዳትነት ነበር። ረዳቱ ሸራ እያሰረ፣ ጎማ እየፈታ፣ ታኮ እያስገባ ሾፌሩን በዓይኑ ያጠናል፤ ቆይቶም ሜዳ ላይ መሪው ይሰጠዋል። ይህ ሥርዓት ስድቡና ግፉ ብዙ፣ ክፍያውም አነስተኛ ነበር፤ ስለዚህ ያለ ነቀፋ ሊወደስ አይገባውም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ሀብት ነበረው፤ እርሱም ጊዜ ነው። ረዳቱ ለብቻው ከመንዳቱ በፊት ክረምቱንም በጋውንም፣ ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ደጋግሞ አይቶታል።

ዛሬ ሥልጠናው የሚሰጠው በተፈቀደላቸው ተቋማት ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 600፣ በኋላም የተካው የ2010 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 1074፣ የሕዝብ ማመላለሻን፣ የደረቅ ጭነትንና የፈሳሽ ጭነትን መንጃ ፈቃድ ለያይተው ደንግገዋል። ይህ ትልቅ እርምጃ ነው። ቢሆንም ሕግ የሚወስነው ዝቅተኛውን መስፈርት ነው፤ ተቋም የመምረጡ ኃላፊነት ግን በሠልጣኙ ላይ ይወድቃል። እርሱም አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ዋጋው ስንት ነው? በስንት ጊዜ ያልቃል? የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ፈጥኖ የተገኘ ወረቀት ከመንገድ ላይ ዋጋ ያስከፍላል።

ምን ሊጠይቅ እንደሚገባው ጣርማ በር ያስተምረዋል። ከደብረ ብርሃን ወዲያ መንገዱ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በዋሻው አልፎ፣ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት ሲደርስ 1,300 ሜትር ገደማ ወደሆነ ቆላ ይወርዳል። ጉሙ ሲወርድ የፊት መብራት እንኳ ሩቅ አያሳይም። በዚህ ቁልቁለት ሙሉ ጭነት የያዘ አሽከርካሪ ፍሬኑን ያለማቋረጥ ቢረግጥ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ መያዝ ይሳነዋል። እየደጋገመ ቢረግጥ የታመቀው አየር ይጎድላል። ስለዚህ ማርሽ የሚከብደው ከአፋፉ ላይ ነው፤ መኪናው ከፈጠነ በኋላ ከባድ ማርሽ ላይገባ ይችላልና። ይህ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ይነበባል፤ እጅና እግር የሚለምደው ግን በሥራ ነው።

እንግዲህ የጫጫው ወጣት ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው ይህን ነው፦ ራሱ መሪ የሚጨብጠው ስንት ሰዓት ነው? የሚለማመደው በባዶ መኪና ነው ወይስ በጭነት? ቁልቁለት ይወጣል? የአየር ፍሬን አሠራር በመኪናው ላይ ይታያል? አስተማሪውስ ጭነት ይዞ ረጅም መንገድ የሄደ ነው? በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የሙያው መግቢያ መደበኛ ሥልጠና 280 ሰዓት ሲሆን፣ ሠልጣኙ ራሱ መሪ ጨብጦ የሚነዳው ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 20 ሰዓት ነው። እዚያም ቢሆን ትምህርት ቤት በር ይከፍታል እንጂ ሾፌር አስፈጽሞ አይሰጥም። የቀረውን የሚሞላው የመጀመሪያው ሥራ ነው።

የመጀመሪያ ሥራ ሲመረጥ ብዙዎች የሚያዩት የደመወዙን መጠን ነው። ሆኖም ከደመወዙ አስቀድሞ ከአጠገብ የሚቀመጠው ሰው ማንነት ሊታይ ይገባል። ከደብረ ብርሃን ፋብሪካዎች አዲስ አበባ የሚመላለስ መጠነኛ ሥራ ከነባር ሾፌር ጋር ቢገኝ፣ በኮምቦልቻና በሚሌ አድርጎ ጋላፊን ተሻግሮ ጅቡቲ ከሚያደርስ ብቸኛ ጉዞ ለጀማሪ ይሻላል። ክፍያው በወር ነው ወይስ በምልልስ የሚለውም ቀላል ጥያቄ አይደለም፤ በምልልስ የሚከፈለው ሰው እንቅልፉን በገንዘብ ይመነዝራልና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 አድርጎ ወስኗል። ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ጎማው፣ ፍሬኑና የሦስተኛ ወገን መድኑ ቁልፍ ከመረከብ በፊት ይታይ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት እንደደረሰው ሁሉ መንገድ የሚያሰጋበት ጊዜ ይመጣል። በዚያን ጊዜ «ቁም» የማለት ሥልጣን የማን እንደሆነ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። «አልሄድም» ያለ ሾፌር ከሥራ የሚባረርበት ቤት ለጀማሪ ቤት አይሆንም።

የተከበራችሁ አባላት፤ ይህ ሁሉ ሸክም በሃያ ዓመት ልጅ ጫንቃ ላይ ብቻ ሊጣል አይገባም። ባለ ንብረቱ ለጀማሪ የሚከፍለውን ጥቂት ወራት እንደ ኪሳራ አይቁጠረው፤ አስተማሪውም ሠልጣኙን ቁልቁለት ሳያወርድ «ደርሰሃል» አይበለው። ነባሩ ሾፌር ደግሞ ከጎኑ ያለውን ወንበር ለአንድ ጀማሪ ይልቀቅ፤ ስድቡን ትቶ ዕውቀቱን ያውርሰው። በሬውን የሸጠው አባት ጫጫ ላይ ሆኖ የሚጠብቀው የልጁን መንጃ ፈቃድ ሳይሆን ልጁን ነው።