ለሰው የተተወ ድርሻ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በገርጂና በየአጥቢያው ያላችሁ የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ!

ጌታችን የኢያኢሮስን ልጅ ከሞት ባስነሣት ጊዜ የምትበላውን እንዲሰጧት አዘዘ። ነፍስን የመለሰ አምላክ እንጀራ መስጠት ተስኖት አይደለም፤ ለሰው ድርሻውን ሲተውለት ነው እንጂ።

ዶክተር በላይ አበጋዝ የደከሙለት የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ በ2001 ዓ.ም. ተከፈተ። በጊዜው ሳይታከም የቀረ የጉሮሮ ሕመም የብዙ ሕፃናትን ልብ ይጎዳልና ተራ የሚጠብቁት ብዙዎች ናቸው። ሐኪሙ ልብን ይጠግናል፤ ደም መስጠት፣ ልጇን አዝላ ከገጠር ለመጣች እናት ማደሪያና ምሳ መቻል ግን የእኛ ድርሻ ነው። «እግዚአብሔር ይማርልሽ» ብለን ባዶ እጃችንን ብንመለስ ትእዛዙን አልፈጸምንም።

እንግዲህ ተነሥተን እንጠይቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።