የፍቅር ምልክት በሥዕልና በጀጎል ቤት ግድግዳ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በጀጎል ውስጥ አንድ እንግዳ ነባር የሐረሪ ቤት ለማየት ሲገባ፣ አስጐብኚው ብዙውን ጊዜ ከበሩ በላይ ወዳለው ስፍራ ያመለክታል። እዚያ ተጠቅሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ካለ፣ በቤቱ ውስጥ ለጋብቻ የደረሰች ልጅ መኖሯን የሚናገር ምልክት ነው ይባላል። እንግዳው ፈገግ ይላል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ወደሚቀጥለውም ቤት ያልፋል። በዚህች አጭር ጊዜ ውስጥ አንድ የቤት ዕቃ ምልክት፣ ምልክቱም የፍቅር ታሪክ ሆኗል። የዛሬው ንግግር ስለዚሁ ነገር ነው፤ ይኸውም የፍቅርን ምልክት በሥዕልም ሆነ በቤት ግድግዳ ላይ ማንበብ ምን ያህል ደስታ እንደሚሰጥና ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ነው።

ሰምና ወርቅን ሲለይ ለኖረ ሕዝብ ምልክት መፍታት አዲስ ነገር አይደለም። በአገራችን የሕዝብ ሠዓሊዎች በተርታ በተከፋፈሉ ትናንሽ ሥዕሎች የሚተርኩትን የንጉሥ ሰሎሞንንና የንግሥት ሳባን ታሪክ ለዚህ መጥቀስ ይበቃል። ንግሥቲቱ ቅመም የበዛበትን ምግብ በልታ ሌሊት ውኃ ለመጠጣት ስትነሣ የሚያሳየውን ክፍል፣ ታሪኩን የማያውቅ ሰው የጥም ሥዕል ብቻ አድርጎ ያየዋል። ታሪኩን የሚያውቅ ግን በዚያች ውኃ ውስጥ የተሰጠ ቃል፣ የተዘረጋ ወጥመድና የሚመጣ ልጅ ይታዩታል። የውኃው ትርጉም የሚገኘው ከሥዕሉ በላይ በተመልካቹ እውቀት ውስጥ ነው ማለት ይቻላል።

በሌላው ዓለምም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። የኦስትሪያው ሠዓሊ ጉስታቭ ክሊምት እ.ኤ.አ. በ1907 እና በ1908 በሠራው «መሳም» በተባለው ሥዕል፣ የወንዱ ልብስ በጥቁርና በነጭ አራት ማዕዘኖች፣ የሴቲቱ ልብስ ደግሞ በክቦችና በአበባ መሰል ቅርጾች ተሞልቷል። ሁለቱም በአንድ የወርቅ ቀለም ተጠቅልለዋል። የሁለቱን ልዩነትና አንድነት የሚነግረን የፊታቸው ገጽታ ብቻ ሳይሆን የልብሳቸው ጌጥም ነው። እንዲህ ያለውን ንባብ ሥዕሉ ራሱ ይደግፈዋል፤ ተመልካቹም ያለ ስጋት ሊደሰትበት ይችላል።

ነገር ግን ንባብ ሁልጊዜ እንዲህ አይቀናም። ያን ቫን አይክ እ.ኤ.አ. በ1434 የሣለው የአርኖልፊኒ ባልና ሚስት ሥዕል ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ነው። ኤርዊን ፓኖፍስኪ የተባለው የኪነ ጥበብ ታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1934 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሥዕሉ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያህል እንደሆነ፣ ውሻው ታማኝነትን፣ በቀን የበራችው አንዲት ሻማም ሁሉን የሚያይ አምላክን እንደምታመለክት አስረዳ። ትርጓሜው ለብዙ ዘመን በየትምህርት ቤቱ ተሰጠ። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት ግን ውሻው የባለጸጋ ቤት ውሻ ሊሆን እንደሚችል፣ ሥዕሉም የጋብቻ ሥርዓት ለመሆኑ በቂ ማስረጃ እንደሌለ ተከራከሩ። «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፣ ከመጠን በላይ የተጐተተ ምልክትም ይቀደዳል።

እንግዲህ ወደ ጀጎል እንመለስ። የሐረሪ ቤት ታላቁ ክፍል፣ ከፍና ዝቅ ብለው በተሠሩት መደቦቹ፣ በግድግዳው ጉድጓድ መደርደሪያዎችና በተሰቀሉት ስፌቶች፣ እንደ አንድ ሰፊ ሥዕል ሊታይ የሚችል ነው። ልዩነቱ ይህን ሥዕል የሠሩት የቤቱ ሴቶች መሆናቸውና ሰው በውስጡ መኖሩ ነው። ስፌት የተማሩትም በቀድሞው ልማድ ልጃገረዶች በአንዲት ባለሙያ ሴት ዘንድ በሚሰበሰቡበት «ሞያ ጋር» በሚባለው ቤት ነበር። በሐረሪ ቋንቋ «ጋር» ማለት ቤት ነውና ስሙ ራሱ የሞያ ቤት ማለት ነው። ልጅቱ በዚያ በወስፌና በቀለም በተነከረ ሣር የምትሠራው ስፌት ለትዳሯ የሚሆን ነው። ከእነዚህ መካከል «ሐማት ሞት» የሚባለው፣ ሙሽራዋ ለአማቷ የምታበረክተው ስፌት ይገኛል።

ይህ ዓይነቱ ስጦታ ስለ ፍቅር ያለንን ግምት ሊያሰፋው ይገባል። በአውሮፓ ሥዕሎች ያየነው ፍቅር ሁለት ሰዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። የሙሽራዋ ስፌት ግን የሚሄደው ወደ ባልየው እናት ነው። ወራት የፈጀ የእጅ ሥራ፣ ትዕግሥትና የዓይን ብርታት በአንድ ክብ ዕቃ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ «ወደ ቤታችሁ ስገባ ባዶ እጄን አይደለም» ይላል። የፍቅር ምልክትን በአበባና በልብ ቅርጽ ብቻ የሚፈልግ ተመልካች ይህን ሳያይ ያልፋል።

ከታላቁ ክፍል ጐን «ቂርጣት» የምትባል ጠባብ ክፍል አለች። አዲስ ተጋቢዎች የመጀመሪያ ቀኖቻቸውን ከሰው ዓይን ተሰውረው የሚያሳልፉባት ናት። ከዚያችው ክፍል ፊት ለፊት ያለው የቤቱ ወለልና መደብ በቀይ አፈር የተለቀለቀ ሲሆን፣ ቀዩ ቀለም በጥር ወር 1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን የሐረር ሰዎች ደም ያስታውሳል ይባላል። ከግድግዳው መደርደሪያዎች መካከልም አራት ማዕዘን የሆኑት ሞትን ለማሰብ እንደተሠሩ የሚናገሩ አሉ። ስለዚህ የሙሽሮቹን ክፍል ብቻ ለይቶ የሚያሳይ አስጐብኚ ግማሹን ሥዕል ሸፍኖታል። ደስታውን ከሐዘኑና ከእምነቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማኖሩ ነው ቤቱን ቤት ያሰኘው።

የተመልካች ናፍቆት ምልክትን እንዴት ሊፈጥር እንደሚችል የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ በጀጎል አለ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ እየሄደ እየተመለሰ በሐረር በንግድ ሥራ ኖሯል፤ በ1891 ታሞ ከወጣ በኋላም በዚያው ዓመት በማርሴይ ሞቷል። የግጥሙ አፍቃሪዎች ዛሬም ከሩቅ አገር መጥተው በስሙ የሚጠራውን ባለ ሰገነት ቤት በአድናቆት ይጐበኛሉ። ቤቱ ግን እርሱ ከሞተ በኋላ በአንድ ህንዳዊ ነጋዴ የተሠራ ነው። የጐብኚዎቹ ፍቅር እውነተኛ ነው፤ የተንጠለጠለበት ምስማር ግን የሌላ ሰው ነው። ይህን በትሕትና መንገር የጐብኚውን ደስታ አይቀንስበትም፤ እንዲያውም ነጋዴው ለሠራው ውብ ቤት ዓይኑን ይከፍትለታል።

የሙያችን ኃላፊነት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከገባ ወዲህ የሚነገሩት ታሪኮች ክብደት ጨምሯል፤ አንድ ጊዜ በአስጐብኚ አፍ የተነገረ ነገር በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ ታትሞ ይመለሳልና። ከበሩ በላይ ያለው ምንጣፍ እንግዳ ሲመጣ የሚነጠፍ የቤት ንብረት ነው። አንዳንድ ጊዜም የቤቱን ልጅ የሚመለከት መልእክት ይኖረው ይሆናል። በዚያው ሰዓት ግን ያች ልጅ በሚቀጥለው ክፍል ሆና፣ ለማታውቀው ሰው ስለ እርሷ የሚነገረውን ትሰማ ይሆናል። በሥዕል ላይ የተሣለች ሴት በተሳሳተ ትርጓሜ አትጐዳም፤ በቤቷ ያለች ልጅ ግን ትጐዳለች።

ስለዚህ አንድን ምልክት ለሌላው ከማስረዳት በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ማቅረብ ይበጃል። ዕቃውን ማን ሠራው? ለማን ሠራው? ባለቤቱስ ስለ እርሱ ምን ይላል? የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ከመጻሕፍትና ከሙዚየም መዝገብ መመለስ ይቻል ይሆናል። ሦስተኛውን ለመመለስ ግን ጫማን በደጅ አውልቆ፣ ፈቃድ ጠይቆ፣ በመደቡ ላይ ዝቅ ብሎ መቀመጥና የቤቱን እመቤት ማዳመጥ ያስፈልጋል። እርሷ «ይህ ስፌት ነው፤ እናቴ የሰፋችው ነው» ብቻ ብትል፣ እንግዳው ይህንኑ እንደ ተባለ ሊሰማው ይገባል።