ፀሐይ ላቃጠለችው ቆዳ የሚበጀውና የማይበጀው ቅጠል

(ለካኩማ መጠለያ ጣቢያ ነዋሪዎች የተዘጋጀ የጤና ትምህርት ንግግር)



ካኩማ ለምድር ወገብ ቅርብ ነው፤ ፀሐይዋ ብርቱ፣ ጥላው ጥቂት ነው። በውሃና በራሽን ሰልፍ ስንቆም ፊታችን፣ አንገታችንና ክንዳችን ይቃጠላል። ያን ጊዜ ብዙዎቻችን የምንፈልገው አገር ቤት የምናውቀውን ቅጠል ነው። እኛ የጤና ሠራተኞች የባህል መድኃኒታችንን አንንቅም፤ ሆኖም ቅጠል ሁሉ መድኃኒት አይደለም።

በመጀመሪያ የተቃጠለውን ቆዳ በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ በራሰ ጨርቅ እናብርድ፤ ውሃም እንጠጣ። ቅቤ፣ ዘይትና ቫዝሊን ትኩስ ቃጠሎ ላይ አይቀባም፤ ሙቀቱን አፍኖ ያስቀራል።

የሚበጀው እሬት ነው። ብዙ ውሃ ስለማይፈልግ በጣሳም ይበቅላል። የበሰለ ቅጠል ቆርጠን፣ የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርገን ሩብ ሰዓት ያህል እናቁመው። የሚንጠባጠበው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ቆዳን ስለሚያሳክክ ይፍሰስ። ከዚያ አጥበንና ልጠን፣ ውስጡ ያለውን የጠራ ዝልግልግ እንውሰድ። አስቀድመን በክንዳችን ውስጠኛ በኩል ጥቂት ቀብተን አንድ ቀን እንጠብቅ። ካላሳከከና ካልቀላ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በስሱ እንቀባ። ቶሎ ስለሚበላሽ ለነገ አይቀመጥም። በተላጠ ወይም ውሃ በቋጠረ ቆዳ ላይ አይደረግም። መርዛማ የእሬት ዓይነቶችም ስላሉ አይጠጣም። ሲቆረጥ ነጭ ወተት ካፈሰሰ እሬት አይደለም፤ የቁልቋል ወገን ሊሆን ስለሚችል ቆዳና ዓይን እንዳይነካ እንጠንቀቅ።

ሎሚና ጤና አዳም ለወጥና ለቡና መልካም ናቸው። ጭማቂያቸው ቆዳ ላይ እያለ ፀሐይ ስትመታው ግን ቆዳውን ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል፣ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ፊታችን እንዲጠራ ብለን ሎሚ ተቀብተን ከቤት አንውጣ።

እሬትም ቢሆን ያስታግሳል እንጂ ከፀሐይ አይከላከልም። ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ጥላ እንፈልግ፤ ራሳችንን በነጠላ ወይም በባርኔጣ፣ ክንዳችንን በረጅም እጅጌ እንሸፍን። አልቢኖ ሆነው የተወለዱ ልጆቻችንን በተለይ እንጠብቅ፤ ፀሐይ ገና በወጣትነታቸው የቆዳ ካንሰር ልታስከትልባቸው ትችላለችና።

የተቃጠለ ሰው ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለው፣ ሕፃን ከተቃጠለ፣ ወይም በአንድ ወር ያልዳነ ቁስል ካለ ቅጠል አንፈልግ፤ ወደ ክሊኒክ እንሂድ።