መንቀፍና ማረም



እንድናገር የተሰጠኝ አርእስት «መንቀፍና ማረም» የሚል ነው። ስለ ማረም መናገር የሚገባው ማረም የሚችል ሰው ነበር፤ እኔ ግን ወደዚህ መድረክ የወጣሁት በመንቀፍ በኩል ልምድ ስላለኝ ነው።

ባለፈው ዓመት፣ በክፍላችን ድርሰት በሚነበብበት ቀን፣ አንድ ጓደኛችን ስለ አባቱ አውድማ የጻፈውን አነበበ። እንደ ጨረሰ እጄን አውጥቼ ተነሣሁና ሰባት ስሕተት ቈጠርሁበት፤ ግሱ ከባለቤቱ አልተስማማም፤ ዐረፍተ ነገሩ ሳይታሰር ቀርቷል፤ ይህንና ይህን የመሰለውን ሁሉ። ክፍሉ ሣቀ፤ እኔም እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ከተናገርሁት ውስጥ ሐሰት አልነበረበትም። ጓደኛችን ግን ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ ወዲህ አንብብ ሲባል «አልጻፍሁም» ማለት ጀመረ።

በክረምቱ ዕረፍት ይህን ነገር ለአያቴ እንደ ጀብዱ አጫወትኋቸው። አያቴ በጎጃም ቅኔ ቤት የተማሩ ናቸው። አልሣቁም። «ለመሆኑ ከሰባቱ ስንቱን አቀናህለት?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ ሳጣ የቅኔ ቤትን ሥርዓት ነገሩኝ። ጀማሪው ተማሪ ሁለት ቤት ብቻ ያለውን ጉባኤ ቃና ሲቈጥር ይውልና በመምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። ቤቱ ቢሰበር ወይም ምሥጢሩ ባይገጥም መምህሩ «ተሳስተሃል» ብቻ ብለው አይሰዱትም፤ የተማሪውን ሐሳብ ሳይለቁ ቃሉን ለውጠው ያቀኑለታል፤ እርሱም የቀናውን ተቀብሎ ይደግመዋል። ስምንት ቤት ካለው ከመወድስ የሚደረሰው እንዲህ እየተባለ ነው። ቁጣና አርጩሜ እንደ ነበረም አያቴ አልሸሸጉኝም፤ ነገር ግን ከቁጣው በኋላ የቀናው ቅኔ በተማሪው አፍ ይቀራል።

ትምህርት ሲከፈት ጓደኛዬን ወረቀቱን ለመንሁት። ሦስት ቀን እምቢ ብሎኝ በአራተኛው አመጣው። ከሰባቱ ስሕተቶች አራቱ በአንድ የብዕር ጭረት የሚያልቁ ነበሩ። ትልቁን ጕድለት ግን ያን ቀን አላየሁትም ነበር፤ በሬዎቹ ሲያበራዩ ያልታሰበ ዝናም መጣ ይልና ስለ እህሉ ሳይነግረን ያልፋል። «እህሉስ ምን ሆነ?» አልሁት። አባቱ ጋቢያቸውን ገፈው በምርቱ ላይ እንዴት እንደ ጣሉት፣ እርሳቸው በሸሚዝ ብቻ ሆነው ዝናሙ እንዴት እንደ መታቸው በቃሉ ተረከልኝ። «ይህንኑ ጻፈው» አልሁት።

ድርሰቱ በዚህ በበዓሉ መጽሔት ውስጥ ይወጣል። ሁለት ስሕተት አሁንም አለበት፤ አንዱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ያገኛችሁት እንደ ሆነ ከነማቃኛው እንድትነግሩን እንለምናለን።