በጣና ዙሪያ በብስክሌት
በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ምሽት፣ አያሃ፣ ሐርጌሳ የቀረበ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «ያንን የብስክሌት ጉዞ ንገሩን» ብሎ ሲጠይቀን በመጀመሪያ አፍረን ነበር። ማኅበሩ እንዴት እንደተመሠረተ፣ በሐዘንና በደስታ እንዴት እንደተደጋገፍን ሌሎች በሚገባ ተናግረዋል። ከዚያ ቀጥሎ ስለ ዕረፍት ማውራት ቀልድ ይመስላል። ሆኖም ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ እኛ ቤት ቡና ስትጠጡ በቁርጥራጭ የሰማችሁት ታሪክ ስለሆነ፣ አንድ ጊዜ ከነሙሉው ይነገር ብለን ተስማማን። ቁርጥራጩን ያጋነነው ማን እንደሆነም ዛሬ ይታወቃል።

ጉዞው የተደረገው በጥር 2004 ዓ.ም. ነው። አራት ነበርን፤ ባልና ሚስት፣ የአሥራ አራት ዓመት ወንድ ልጃችንና የአሥራ አንድ ዓመት ሴት ልጃችን። ልጆቹ እዚሁ ሐርጌሳ የተወለዱ ናቸው። ያን ጊዜ አያሃ እንደ ዛሬው ሳትሞላ፣ ልጆቹ ከሰፈሩ ሕፃናት ጋር አቧራ ላይ ኳስ ሲያሳድዱ ይውሉ ነበር። በአማርኛ ስንጠራቸው በሶማልኛ ይመልሱልናል። ጥምቀትን የሚያውቁት በቴሌቪዥን ብቻ ነው።

በዚያው ላይ በቤታችን ያልተፈታ ነገር ነበር። ባሕር ዳር ያለ ዘመዳችን ለሱቅ የሚሆን ቤት አግኝቶልን «ኑና ግቡ» ይለናል። አንዳችን ጠቅልለን እንግባ እንላለን፤ አንዳችን እዚህ የጀመርነውን ሥራ ጥለን የት ነው የምንሄደው እንላለን። ሁለት ዓመት እንዲሁ ተከራከርን። በመጨረሻ ከልጆቹ ጋር ሄደን አገሩን አይተን፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን እንወስን አልን።

ብስክሌቱ የመጣው ከዚህ ነው። ከሁለታችን አንዳችን ያደግነው ባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳርን የሚያውቅ ሁሉ ብስክሌቷን ያውቃል፤ ሜዳ ከተማ ስለሆነች ተማሪውም፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛም፣ ነጋዴውም ሲጋልብባት የኖረች ናት። በልጅነታችን «ጣናን እንዙረው» እያልን እንፎክር ነበር፤ ከጓደኞቻችን መካከል ግን ከሃሙሲት ያለፈ የለም።

በዋጃሌ ወጥተን፣ በጅጅጋና በሐረር አድርገን፣ አዲስ አበባ ሁለት ቀን አርፈን ባሕር ዳር ገባን። ሁለት ብስክሌት ከዘመድ ተዋስን፤ ሁለቱን ለሁለት ሳምንት ተከራየን። አከራዩ የት እንደምንሄድ ሲሰማ ገንዘቡን አስቀድሞ ተቀበለን። መንፊያ፣ የጎማ ማጣበቂያ፣ ሁለት መለዋወጫ ከመነዳሪ፣ በሶና ውሃ ያዝን። ከባዱን ሻንጣ ግን በጀርባችን አልተሸከምንም፤ የጎንደር ሚኒባስ ረዳት እየተቀበለ በየማረፊያችን ከተማ ለሚያውቀው ሰው ያደርስልን ነበር። አንድ ቀን ብቻ ሻንጣው ቀድሞን ጎንደር ገባ።

ሰኞ ጥር 7 ማለዳ ዓባይን በአሮጌው ድልድይ ተሻግረን ወጣን። ዘንዘልማን፣ ሃሙሲትን፣ የጉማራን ወንዝ አልፈን ወደ ማታ ወረታ ደረስን፤ ስድሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልት ነው፣ ብዙም አቀበት የለውም። ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ሲሮጡ ልጃችን በሶማልኛ ይመልስላቸዋል፤ እነሱም የእንግሊዝኛ ዓይነት መስሏቸው ይደሰታሉ። በጣና ዳር የምታስቡት ሐይቁን እያያችሁ እንደምትሄዱ ከሆነ ተሳስታችኋል። በምሥራቁ በኩል መንገዱ ከውሃው ራቅ ስለሚል፣ የሚታየው የፎገራ ሜዳ ነው። ሩዙ ታጭዶ ያበቃለት፣ ከብቱ ቃርሚያውን የሚግጥበት፣ ዓይን ማረፊያ የሌለው ሜዳ። ሴት ልጃችን «ይሄ ሁሉ የማን ነው?» አለች።

ወረታ ያደርንበት ቤት አጎበር አልነበረውም። ለመጠየቅ ደክሞን ተኛን። ጥፋቱ የራሳችን ነው፤ ይህን ቦታ ያዙልን፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ማግስቱን የርብን ወንዝ ተሻግረን አዲስ ዘመን ቀኑ ሳይጋመስ ገባን። ሮብ ዕለት ግን አቀበቱ መጣ። ከአዲስ ዘመን ወደ እንፍራንዝ የሚወጣውን መንገድ በመኪና ያለፋችሁበት አታስታውሱትም ይሆናል፤ በብስክሌት የወጣ ግን አይረሳውም። ኮርቻ ላይ ከተቀመጥንበት እየገፋን የሄድንበት ይበዛል። ከላይ ዘወር ስንል ግን ያ ያልታየው ሐይቅ ከነሙሉ ስፋቱ ተዘርግቶ አየነው። ጣና ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው ሲባል ቁጥር ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰማይና ውሃ የሚለይበትን አጥተን ቆምን። አፄ ሠርፀ ድንግል በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን ያሠሩት እንደሆነ የሚነገርለት የጉዛራ ግንብም እዚያው እንፍራንዝ አጠገብ ነው። ንጉሡ ቦታ መምረጥ ያውቁ ነበር።

ሐሙስ ከተራ ነው። ማክሰኚት ስንደርስ ከቀኑ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ ታቦታቱ ሲወርዱ ላንደርስ ነው። እዚህ ላይ ለዓመታት የተደበቀ ነገር እንናዘዛለን። ብስክሌቶቹን ሚኒባስ ላይ ጭነን ጎንደር ገባን። ሴት ልጃችን እስከ ዛሬ «ጣናን ዞርኩ አትበሉ» ትለናለች። እውነቷን ነው። ነገር ግን ወደ ፋሲል መጠመቂያ የሚወርደውን ሕዝብ ስታይ፣ ነጠላውን፣ ከበሮውን፣ እልልታውን ስትሰማ፣ እጃችንን ይዛ በሹክሹክታ «እነዚህ ሁሉ አማርኛ ነው የሚናገሩት?» ያለችውም እሷው ናት። ምን ብለን እንደመለስንላት አናስታውስም። ከመካከላችን አንዳችን በዚያች ሰዓት የባሕር ዳሩን ሱቅ በልባችን ተከራይተን ጨርሰን ነበር።

ጥር 14 በአዘዞ በኩል ቆላ ድባን አልፈን ጎርጎራ ወረድን፤ ስድሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል የፒስታ መንገድ። ሁለት ጎማ ተነፈሰ፤ ጎሚስታው ወንድ ልጃችን ሆነ። ጎርጎራ ያን ጊዜ ሆላንዳውያን የሚያስተዳድሩት የድንኳንና የጎጆ ማረፊያ ነበረበት። እዚያ ዕድሜያቸው ከስልሳ የዘለለ ሆላንዳውያን እንግዶች፣ ባልና ሚስት፣ ብስክሌቶቻችንን ሲያዩ እንደ ዘመድ አቀፉን።

የእነሱን አገር ነገር ሲያጫውቱን አመሹ። አይሰልሜር የሚባል ትልቅ ሐይቅ አላቸው። ቀድሞ የባሕር ሰርጥ ነበር፤ በ1924 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ 1932) ሠላሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ግድብ በባሕሩ ላይ ሠርተው ዘጉትና፣ ወንዞች እየገቡበት ጨዋማነቱ ጠፍቶ ሐይቅ ሆነ። ሰዉ በበጋ ያለ አስጎብኚ፣ ካርታ ብቻ ይዞ በብስክሌት ይዞረዋል። በየመገናኛው ቁጥር የተጻፈበት ምልክት አለ፤ ቁጥር ተከትሎ መሄድ ነው። ማደሪያው አስቀድሞ ይያዛል፣ ሻንጣውን ድርጅት በመኪና እያደረሰ ይጠብቃል። አቀበት የሚባል የለም፤ ጠላታቸው ነፋስ ብቻ ነው። ወንድ ልጃችን ይህን ሁሉ ሰምቶ «እኛስ ረዳቱ አለልን፣ ቁጥሩም እረኞቹ ናቸው» አለ። በአማርኛ ነው የተናገረው። እኛ ተያየን።

ማግስቱን አንድ አሣ አጥማጅ በደንገል ታንኳው ሐምራዊ አበባ ያላት ተክል ይዞ መጣ። ቅጠሏ ወፍራም፣ አበባዋ እጅግ የምታምር። ሴት ልጃችን ለመነችውና ሰጣት። የፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጣ በውሃ አደረገቻት፤ አያሃ ድረስ ወስዳ ለጎረቤታችን ለኤዶ ልትሰጣት ነው።

ከጎርጎራ በምዕራቡ ዳር ያለውን መንገድ በእነዚያ ብስክሌቶች መድፈር አልሆነልንም። ሐሙስ ማለዳ በሳምንት አንድ ጊዜ ትመላለስ የነበረችው መርከብ ላይ ተሳፈርን። በደልጊና በቁንዝላ፣ በደቅና በዘጌ በኩል ሁለት ቀን ትፈጅ ነበር። እህል፣ ፍየል፣ ጆንያ፣ ካህናት፣ ተማሪዎች፣ እኛም ከአራት ብስክሌት ጋር።

ከሰዓት በኋላ ልጃችን በረደኝ አለ። ፀሐይ ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። ቁንዝላ ለአዳር ስንወርድ ግንባሩ እሳት ሆኗል። አንዲት ዘጌ የሚወርዱ እናት ነጠላቸውን ውሃ እየነከሩ «የኔ ጌታ፣ የኔ ጌታ» እያሉ ግንባሩ ላይ ያደርጋሉ። አብሮን የተሳፈረ አንድ የግብርና ባለሙያ «ፎገራ አድራችኋል? መቼ?» አለን። አሥር ቀን ሆነ አልን። ከዚያ ወዲያ ማሰብም አላስፈለገውም፤ ልጁን ብስክሌት ኮርቻ ላይ አስቀምጠን ግራና ቀኝ ይዘን በጨለማ ወደ ጤና ጣቢያው ገፋነው። ጣቱን ወግተው ደሙን አዩ። ወባ ነው። ኮአርተም ሰጡት፣ ለሦስት ቀን፣ ወተት ጠጥቶ እንዲውጥ። ለመድኃኒቱ ገንዘብ አልተቀበሉንም። ትንኟ ነክሳ ሕመሙ እስኪወጣ ብዙ ጊዜ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ፎገራ አጎበር የሌለው አልጋ ላይ መተኛት ምን ማለት እንደሆነ ነርሷ በቁጣ ነገረችን። ቁጣዋ ይገባን ነበር።

ሌሊቱን ልጃችን ሲቃዥ «ጉሪጋ አን ታግኖ፣ ጉሪጋ አን ታግኖ» ይል ነበር፤ ቤታችን እንሂድ ማለቱ ነው። እናት ዘጌዪቱ «ምን ይላል ልጄ?» ብለው ጠየቁን። «ቤት እንሂድ ይላል» አልናቸው። «ታዲያ ነገ ባሕር ዳር ትገቡ የለም እንዴ» አሉን። አያሃን ማለቱ እንደሆነ ልንነግራቸው አፋችንን ከፈትንና ተውነው።

ንጋት ላይ ትኩሳቱ በረደ። ያ ባለሙያ የልጅቷን ጠርሙስ ያየው ያን ጊዜ ነው። ፊቱ ተለዋወጠ። እምቦጭ ትባላለች፣ ከደቡብ አሜሪካ የመጣች አረም ናት፣ በጣና በመገጭ ወንዝ መግቢያ መታየቷ በቅርቡ ነው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ልትሆን ትችላለች አለን። ከነውሃዋ ብትደፋ ሐይቁን ከሰሜን ወደ ደቡብ በእጃችን ዘራንባት ማለት ነው። ሻይ የምታፈላ ሴት ምድጃ ውስጥ አቃጠላት። ልጅቷ እስከ ደቅ ድረስ አለቀሰች። እኛም በልባችን «ለአንዲት አበባ!» ብለን ታዝበነው ነበር።

በ2013 ዓ.ም. ጥቅምት ሕዝቡ ተሰልፎ በአንድ ወር ዘመቻ ያንን አረም ከጣና ሲያወጣ በቴሌቪዥን ስናይ፣ ያቺው ልጅ ትልቅ ሴት ሆና አጠገባችን ተቀምጣለች። ማንም አንዳች አልተናገረም። ተነሥታ የጎርጎራውን ፎቶ ከአልበሙ አወጣችና ከጀርባው ቀኑን ጻፈችበት።

የሱቁን ነገር ትጠይቁናላችሁ። ባሕር ዳር አምስት ቀን ቆይተን ልጁ ሲያገግም ሐይቁ ዳር ተቀመጥን፣ እንዳልነውም ተነጋገርን። ጠቅልለን እንግባ ያልነው ወገን ነው «እንመለስ፣ አያሃ» ያለው። ክርክሩ እንዲህ ተገልብጦ አለቀ። ተጸጽተን አናውቅም አንልም፤ በየጥምቀቱ ይነሣል።

መሄድ ለምትፈልጉ ጥቂት እንጨምር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ከተነሣው ግጭት በኋላ ይህን መንገድ በብስክሌት ሂዱ ብለን ለማንም አንመክርም። ቀኑ ሲመጣ ግን ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ወቅት ይመረጣል፤ አጎበር ከብስክሌቱ በፊት ይገዛ፤ ከአዲስ ዘመን እስከ እንፍራንዝ ያለው አቀበት ሙሉ ቀን ይሰጠው። ዓባይን በ2016 በተመረቀው አዲሱ ድልድይ ትሻገራላችሁ። በ2017 ከጅቡቲ ወደብ በመኪና ተጭና ባሕር ዳር የገባችውን ጣናነሽ 2ን በስልካችን እየተከታተልን ስንቆጥር የነበረው ብስክሌት ስንት ትጭን ይሆን እያልን ነው።

ወንድ ልጃችን ዛሬ ከኋላ ቆሞ የራሱን ልጅ ታቅፏል። ከተዋስነው ብስክሌት ላይ ዘመዳችን ፈቅዶልን የፈታነው ቃጭል አያሃ በራችን ላይ ተሰቅሏል፤ የምትመጡ ሁሉ የምትደውሉት እሱ ነው። ፎቶዎቹ ከቡናው ጠረጴዛ አጠገብ ተዘርግተዋል። ሐምራዊ አበባ የያዘችውን ልጅ ያገኘ እጁን ያንሣ።