ቁጥሩን በቃላችሁ ያዙት

እናንተ ተመራቂዎች፣ እንኳን ደስ አላችሁ!

ከዚህ ከቤቴል ሰፈር አብረውኝ ካደጉት ስንቶቹ ዛሬ ቤሩት፣ ጅዳ፣ ዱባይ ናቸው። ከእናንተም ይህን የቤት ሠራተኛ የብቃት ማረጋገጫ ይዞ የሚሄድ አለ። ሂዱም አትሂዱም አልላችሁም። የውጭ ሥራ ሕጉ ግን ያልጠየቃችሁን አንድ ነገር እኔ እጠይቃችኋለሁ፤ የአንዲት ሴት ስልክ ቁጥር በቃላችሁ ያዙ።

ቤሩት ስገባ አሠሪዬ ማዳም መጀመሪያ የወሰደችው ፓስፖርቴን ነው፤ ቀጥሎ ስልኬን። ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፈዋለች። ደመወዜ ለቤተሰብ ተልኳል ይባላል፤ እናቴ ጋ ግን ሳንቲም አልደረሰም። ፊት ለፊታችን ባለው ሕንፃ አንዲት የደሴ ልጅ ትሠራለች። የምንተያየው በረንዳ ላይ ልብስ ስናሰጣ ብቻ ነው፤ መነጋገር ክልክል ነው። እሷ ታዲያ አንሶላውን ባራገፈች ቁጥር በሰርግ ዘፈን ዜማ ከአንድ ስልክ ቁጥር አንድ አንድ አሃዝ ታወጣለች። ማዳም ዘፈን መሰላት። እኔ ምንጣፍ እየመታሁ እቀበላለሁ። ዕቃ ሳጥብ እደግመዋለሁ፤ ስተኛም እደግመዋለሁ። አንድ ቀን የማዳም እናት ታመው ቤተሰቡ ሲሯሯጥ የቤቱን ስልክ አንስቼ ደወልኩ። ያነሳችው ሴት ስሜን እንኳ ሳትጠይቅ፣ «የት ሰፈር ነሽ? በልተሻል?» አለችኝ። ከዚያ ቤት የወጣሁት በእሷና በጓደኞቿ ነው።

እነሱ ያደረጉት የሴቶች መብት ትግል ነው፤ ይህ ትግል የፈረንጅና የምሁር ሥራ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ ተሳስታችኋል። «እኛ ለእኛ በስደት» የተባለውን ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2017 ያቋቋመችው ባንቺ ይመር ሊባኖስ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነበረች። በእኛ አቆጣጠር በ2012 የሊባኖስ ገንዘብ ወድቆ አሠሪዎች እህቶቻችንን ከነሻንጣቸው ቆንስላችን ደጃፍ ሲጥሏቸው፣ ሐምሌ 28 ደግሞ የቤሩት ወደብ ሲፈነዳ፣ ምግብና የቤት ኪራይ ይዘው ከደረሱት መካከል የዚህ ማኅበር ሴቶች ነበሩ። ሠራተኛዋን ከአንድ አሠሪ ጋር የሚያስረው ከፋላ የተባለው ሥርዓት ይቅር ብለው ከሌላ አገር ሠራተኞች ጋር ቤሩት አደባባይ ወጥተዋል። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን ጨርሶ አያውቃትም። ቢሆንም በ2013 መጀመሪያ አንዲት ኢትዮጵያዊት አሠሪዋንና ኤጀንሲውን በባርነት ወንጀል ከሰሰች።

መምህራን፣ ልብስ መተኮስ ካስተማራችሁ ውል ማንበብም አስተምሩልን፤ አደራ።

እዚያ ኋላ ያላችሁ ልጆች፣ ስልኩን ዝቅ አድርጉት! ቁጥሩን እዚያ ውስጥ አትጻፉት። አጠገባችሁ ያለችውን ጠይቋት፤ ተቀባበሉት። የእኔንም አሁን እነግራችኋለሁ። ከመድረክ ስወርድ እየዞርኩ አንድ በአንድ እጠይቃችኋለሁ፤ ሁላችሁም ሳትመልሱ ምሳ አይቀርብም።